ሳሙና የጠየቀችው እስረኛ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ሳልነግራት ሞተች። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በየጾሙ መግቢያ ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቴን፣ ስንፍናዬን፣ ረቡዕና ዓርብ የገደፍኩትን ሳይቀር ስዘረዝር፣ ይቺን አንዷን ብቻ ከምላሴ ሥር ደብቄ እነሣለሁ። አንድ ጊዜ "ሌላስ የለብሽም ልጄ?" ብለውኝ ነበር። "የለብኝም አባ" አልኩ። በኃጢአቴ ላይ ውሸት ጨመርኩበት ማለት ነው። ለእናንተ ለመናገር የደፈርኩት ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል። ወይም ዓርብ ስለደረሰ ነው። የዓርብን ነገር ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

እኔ ሰው አልገደልኩም፤ የሰው ንብረትም አልወሰድኩም። እኔ ያደረግኩት አንዲት ሴት አምናኝ የነገረችኝን በሌላ ሰው አፍ ለከተማ ማሰማት ነው። ቀናሁባት፤ ቀንቼም አዋረድኳት። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ እንዴት እንዳደረግኩት ነው። ለምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

ስሜ ጽጌ ነው። አያቴ በወታደርነት ጅግጅጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። በእንግሊዝኛ መምህርነት ዲፕሎማ ይዤ ሥራ ሳጣ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ ሰይድ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ሱቅ ገባሁ። ሰይድ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል፤ ዋና ሥራው ግን ፊልም ነው። የውጭ ፊልም ላይ በአማርኛ እየተናገረ ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ ላይ ይጭናል። የሱ ድምፅ ጅግጅጋ ብቻ አይቀርም ነበር፤ በሹፌሮች ኪስ ባቢሌም ይደርሳል፣ ድንበር ላይ ደወሌም ይደርሳል።

ከሱቁ ጀርባ ግድግዳዋ በአሮጌ ፍራሽ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነበረችን። የምንቀዳው ከምሳ በኋላ ነው፤ ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ሲገባ፣ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣ የባጃጁ ጩኸት ሲበርድ። ሰይድ እንግሊዝኛ አያውቅም። የጆሮ ማዳመጫውን የማደርገው እኔ ነኝ። ፊልሙን ቆም እያደረግኩ የተባለውን እነግረዋለሁ፤ እሱ ማይኩን ከፍቶ ይናገረዋል። ሽማግሌውንም፣ ሕፃኑንም፣ ሴቲቱንም እሱ ነው የሚሆነው። ሴት ሲሆን ድምፁን ያቀጥናታል፤ ሰው በዚህ ይስቃል።

እውነቱን ካወጣሁት አይቀር፣ የኔም እንግሊዝኛ ያን ያህል አልነበረም። ሰዎቹ ሲፈጥኑብኝ ከራሴ እጨምር ነበር። ሰይድ በምን ያውቃል? ገዢውስ በምን ያውቃል? አንዱ ይቆጣል፣ እኔ ስድብ እሰጠዋለሁ፤ አንዷ ታለቅሳለች፣ እኔ የሚያስለቅስ ነገር እፈልግላታለሁ። መዋሸትን የለመድኩት በደመወዝ ነው።

በዚያን ጊዜ ገበያውን የያዙት ከእስር ቤት የሚያመልጡ ሴቶች ፊልሞች ነበሩ። የት አገር እንደተሠሩ በውል አይታወቅም፤ ሙቀትና ረግረግ ያለበት አገር ነው። ሁሉም አንድ ናቸው። ቆንጆ ቆንጆ ሴቶች ባልሠሩት ወንጀል ይታሰራሉ። ልብሳቸው ምክንያት እየፈለገ ይቀደዳል። አለንጋ የያዘች የወህኒ አዛዥ ትመጣለች። ገላ መታጠቢያው ሳይታይ አይታለፍም። ከዚያ አጥር ይቆረጣል፣ ውሻ ይለቀቃል፣ ሴቶቹ በጭቃ ውስጥ ይሮጣሉ። ካሜራው ፊታቸውን ደህና አድርጎ የሚያየው ሲሞቱ ብቻ ነው። ወንዶቹ "ጠፊዎቹ መጡ?" እያሉ ይጠይቁን ነበር። ለምርቃና የሚሆን ፊልም ነው።

የሚገርመው ይህ ሁሉ በአገራችን የእስር ቤት በሮች ተከፍተው ብዙ ሰው በወጣበት ማግሥት መሆኑ ነው። በየሰፈሩ ታስራ የወጣች ሴት ነበረች። ስለነሱ የሚጠይቅ አልነበረም። አፍር ነበር ወይ? አላፍርም ነበር። እንጀራዬ ነው እል ነበር።

ፊርዶሳን ያመጣት ሰይድ ነው። ከእናቷ ጋር ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ሰምቷት ቆመ፤ ቆሞም ቀረ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም የሶማሌ ልጅ ናት። ትምህርት ቤት የተማረችው አማርኛ ከኔ አያንስም። "ፊልሞቹን በሶማሊኛ ትሠራልናለች" ብሎ ይዟት መጣ። እኔና ሰይድ በአማርኛ የቀዳነውን ትሰማለች፤ ሰምታ ወደ ቋንቋዋ ትመልሰዋለች። መጀመሪያ ላይ ወደድኳት። ከሥሬ ያለች መስሎኝ ነበራ! ከኔ አፍ የሚወጣውን ተቀብላ የምትሠራ ሰው ምን ትበልጠኛለች?

የመጀመሪያ ፊልሟ ላይ ገላ መታጠቢያው ሲደርስ እኔ የሰጠኋትን ትታ ሌላ ነገር መናገር ጀመረች። ውሃው ሥር የቆመችው ሴት በሶማሊኛ ስለ እናቷ ትናገራለች፤ በድርቅ ጊዜ ስለሞተች ግመል ትናገራለች፤ የዝናብ ሽታ እንደናፈቃት ትናገራለች። ቀረጻውን አስቆምኩ።

"ይሄ እኮ ፊልሙ ላይ የለም" አልኳት።

"አውቃለሁ አባዮ" አለችኝ። አባዮ እህቴ ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ የምትጠራኝ እንደዚያ ነው። "ራቁቷን ቆማ ዝም ካለች ሰው ገላዋን ያያል። ከተናገረች ግን ፊቷን ያያል።"

ሰይድ ኬብል እየጠቀለለ ነበር። እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አያት። እኔን በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አላየኝም። ይህን ዐረፍተ ነገሯን ስንት ጊዜ በልቤ ደጋገምኩት፣ ስንት ጊዜስ ጠላሁት! ለምን እኔ አላልኩትም? ያን ሁሉ ሴት ገላዋን ስትታጠብ ሳይ ኖሬ ለምን አንድ ቀን እንኳ አልመጣልኝም?

ከዚያ በኋላ ሴቶች ወደ ሱቁ መምጣት ጀመሩ። ልጅ ያዘሉ፣ ዘንቢል የያዙ፣ ከሸደር የስደተኞች ካምፕ ድረስ በመኪና የሚመጡ። ፊልም ገዝተው የማያውቁ ሴቶች "የፊርዶሳን ስጡን" ይላሉ። የወንዶቹ ፊልም በሷ አፍ የሴቶቹ ሆነ። ሰይድ ከገበያ ሶማሊኛ የሚያልፍ አያውቅም፤ ግን እሷ ስትቀዳ አገጩን በእጁ ይዞ ይሰማታል። እኔ ስነግረው ስልኩን ይነካካል። "እህ፣ ከዚያስ?" ይለኛል ሳያየኝ።

ሰይድን ወድጄው ነበር? ይህን ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ወድጄው በሆነ ጥሩ ነበር፤ ሰው በፍቅር ለቀና ያዝናል። እኔ የቀናሁት ግን በመደመጧ ነው። ስትናገር ሰው ዝም ይላልና ቀናሁ። ልታገባም ነበር፤ ጉሌድ የሚባል የውጫሌ ድንበር መስመር ሹፌር አጭቷታል፤ ለሱም ቀናሁ። ጥርሷ ነጭ ነው፣ ቀናሁ። ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ የሌላ ሰው አጥንት ይመስለኝ ነበር። እሷ እየቀዳች እያለ ሆን ብዬ በሩን አንኳኳለሁ፤ የቆርቆሮ በር ነው፣ ቀረጻው ይበላሻል። "ውይ፣ ይቅርታ" እላለሁ። ፊርዶሳ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችም። "አይዞሽ አባዮ፣ እንደገና እንቀዳለን" ትላለች። ተቆጥታኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ አንዳንዴ። እዩልኝ፣ ይኸው ጥፋቴን ወደሷ ላስጠጋ ነው።

አንድ ቀን ሰይድ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ሁለታችን ፍራሿ ክፍል ውስጥ ሳለን መብራት ጠፋ። በሩን ስዘጋው ፊርዶሳ ብድግ አለች። "ክፈችው፣ ክፈችው አባዮ" አለች፤ ድምፅዋ የሷ አይመስልም። ከፈትኩት። ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ከዚያ ተቀምጣ ነገረችኝ።

ወንድሟን ፈልገው ሲያጡት እሷን ወሰዷት። ታሰረች። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየች ስትነግረኝ እኔ በዚያው ጊዜ ምን እያደረግኩ እንደነበር አስቤ አፈርኩ፤ እዚሁ ከተማ ነበርኩ። የግራ እጇ ትንሿ ጣት አትታጠፍም ነበር፤ ለሰው ሁሉ ደወሌ ላይ አደጋ ደርሶባት እንደሆነ ትናገራለች። ጣቷን የሰበረው የእስር ቤቱ የብረት በር ነው። ለጉሌድና ለቤተሰቡ ያን ጊዜ ሁሉ ደወሌ አክስቷ ዘንድ እንደነበረች ነው የተነገራቸው። "ታስራ የወጣችን ሴት ሰው ምን ሆና እንደወጣች በልቡ ይፈርድባታል" አለችኝ። "አንድ ነገር ሳይጠይቅ ይፈርዳል። እናቴ ናት ዝም በይ ያለችኝ። ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ።"

"ለምን ለኔ?" አልኳት።

"አንቺ ከዘመዶቼ ጋር አትገናኚም። ደግሞ ያንቺ ሥራ መስማት ነው" አለችና ሳቀች። "እንዴት አመለጥሽ?" ብዬ ጠየቅኳት፤ ጭንቅላቴ በፊልም ተበላሽቷል። "አላመለጥንም። አንድ ቀን በሩ ተከፈተ። ያመለጠች ሴት እኔ አላየሁም" አለችኝ። ለማንም ላልናገር በማርያም ማልኩላት። በማርያም።

ሠርጓ ሲቃረብ ዘመድ ልትጠራ ወደ አውበሬ ሄደች። በዚያው ሰሞን አዲስ የጠፊዎች ፊልም መጣልን። "እንጀምረው" ስለው ሰይድ አመነታ። "ፊርዶሳ እስክትመጣ ብናቆየውስ? እሷ የሌለችበት ፊልም ጨው የለውም" አለ። ክፉ አስቦ አይደለም። እንዲሁ ነው ያለው፣ ኬብሉን እየፈታ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልናገር። ገላ መታጠቢያው ደረሰ። የፊልሙ ዋና ሴት፣ ብጫ ፀጉር ያላት፣ ውሃው ሥር ቆማለች። አጠገቧ ሌላ እስረኛ አለች። ብጫዋ አንድ ነገር ተናገረች፣ ሳቀች፣ ዞረች። ትዕይንቱ ረጅም ነው፤ እንደነዚህ ዓይነት ፊልሞች እዚያ ላይ አይቸኩሉም። ፊልሙን አቆምኩ።

"ምን አለች?" አለኝ ሰይድ።

ምን አለች? እኔ ሰምቼያለሁ። ግን እንዲህ ብዬ ነገርኩት፦ "ወንድሜን ፈልገው ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ። ለእጮኛዬ ድንበር ከተማ አክስቴ ዘንድ ነኝ ብዬ ዋሸሁት። ይቺን ጣቴን የሰበረው የብረት በር ነው። በር ሲዘጋ እስከ ዛሬ ላብ ያጠምቀኛል። እውነቱን ቢያውቅ አያገባኝም።"

ሰይድ ማይኩን ከፍቶ ጀመረ። እንደ ልማዱ ድምፁን አቅጥኖ ነበር የጀመረው፤ መሃል ላይ ሲደርስ የራሱ ድምፅ ሆነ። ሲጨርስ ማይኩን ዘጋ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ "ጣቷ ግን ደህና ነው እኮ" አለኝ።

"የተባለውን ተናገር" አልኩት።

ያን ቀን ስልኩን አልነካም። "ጽጌ፣ ዛሬ ምን አግኝቶሽ ነው? እንዲህ ተርጉመሽ አታውቂም" አለኝ፤ እሷን በሚያያት ዓይን አየኝ። እናም ደስ አለኝ። ከኑዛዜዬ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ደስ አለኝ። የሰው ሰቆቃ አፌ ውስጥ እንደ ከረሜላ ጣፈጠኝ። አባዮ ያለችኝን ልጅ ውሃ ሥር ራቁቷን አቆምኳት፣ ካሜራው ፊት አቆምኳት፣ ደስም አለኝ።

እዚህ ላይ ባቆም፣ ለመደነቅ ብላ የሰው ምሥጢር ያዋሰች ሞኝ ብላችሁ ትምሩኝ ይሆናል። አልጨረስኩም። የጉሌድ እህት ሐረር የተማረች ናት፤ ፊልም የምትወስደው በአማርኛ ነው። የሚሞሪ ካርዷን ልታስሞላ ስትመጣ ሰይድ ምሳ ሄዶ ነበር። ሌላ ፊልም ነበር የጠየቀችኝ። "ይቺን እይ፣ ትወጃታለሽ" ብዬ ያን ፊልም የጫንኩላት እኔ ነኝ። አላወቅኩም ልበል? አውቄያለሁ። ካርዱን ስሰጣት ፈገግ ብዬ ነበር።

ጫት ቤት ያሉት ወንዶች ሰይድ ድምፁን ባቀጠነበት ላይ ሳቁ፤ ወደ ውሾቹ ቶሎ እንዲሄድላቸው አሳለፉት። የጉሌድ እህት ግን አልሳቀችም። ጣቷንና አክስቷን ከፊርዶሳ ጋር ገጣጠመች። ደወሌ ለሚሠራ ዘመድ ተደወለ፤ "እንዲህ ያለች ልጅ እዚህ አይተናት አናውቅም" አለ። ከዚያ ሽማግሌዎች መጥተው በጨዋ ደንብ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነገሩ እንዲቀር ጠየቁ። ጉሌድ አለቀሰ አሉ። አልቅሶም ቀረ። የፊርዶሳ እናት ገበያ መውጣት አቆመች።

ፊርዶሳ ወደ ሱቁ ስትመጣ ከሩቅ አየኋት። አወቀች አልኩ። ሰላም አላለችንም። "አዲሱን የጠፊዎች ፊልም ክፈቱልኝ" አለች። ሰይድ ከፈተላት። ምክንያቱን አያውቅም፤ ሠርጉ መቅረቱን ብቻ ነው የሰማው። ቆማ አየችው። በሰይድ ድምፅ የገዛ ኑሮዋን ሰማች። ደገመችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"አባዮ፣ እውነት ይህቺ ሴት እንዲህ ነው ያለችው?"

አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። አይደለም ማለት። ሰይድ አጠገባችን ቆሟል፣ የሁለቱም ዓይን እኔ ላይ ነው። ከሦስታችን እንግሊዝኛ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ።

"አዎ" አልኩ። "እኔም ሳዳምጠው ደነገጥኩ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን የተባለውን መናገር ሥራዬ ነው።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ፊርዶሳ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ስክሪኑ ላይ የቆመችውን ብጫ ሴት በጣቷ ነካቻት። በማይታጠፈው ጣቷ። እንባዋ እየወረደ "አልሐምዱሊላህ" አለች። "እኔ ብቻዬን መስሎኝ ነበር። እኔ ብቻዬን የሆንኩት መስሎኝ ነበር አባዮ።"

እንዴት አመነችኝ? ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ ይህን። ምናልባት ማመን ስለፈለገች ነው። ምናልባት በማርያም የማለች ሴት እንዲህ ታደርጋለች ብሎ ማሰብ ስለከበዳት ነው። ሰይድ ግን አንዴ ጣቷን አየ፣ አንዴ እኔን አየኝ። ከዚያ በኋላ ፊልም ስነግረው ስልኩን አይነካም፤ ፊቴን አተኩሮ ያያል። ይህም ስፈልገው የኖርኩት ነገር ነበር፤ ሳገኘው ፊቴን የማስገባበት አጣሁ።

ፊርዶሳ ፊልሙን በሶማሊኛ ካልቀዳሁ አለች። ከእንግዲህ የምደብቀው የለም አለች። እኔ የፈጠርኩትን፣ አይደለም፣ እኔ የሰረቅኳትን ንግግር ተቀብላ በራሷ ድምፅ ተናገረችው፤ የኔ አምስት ዐረፍተ ነገር በሷ አፍ ትዕይንቱን ሞላው። መጨረሻ ላይ ብጫዋ ሴት በጥይት ተመታ ጭቃው ላይ ትወድቃለች። ፊርዶሳ እዚያ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ "ደክሟት ነው፤ አጥሩን አልፋ ተኝታለች" አለች። የሚያዩት ሴቶች አምነው ተቀበሏት። ደም እየታያቸው ተኝታለች አሉ። ያ ካርድ ከሸደር እስከ ውጫሌ ዞረ፤ ታስረው የወጡ ሴቶች ፊርዶሳን እያፈላለጉ መጡ፣ ከሷም ጋር በር ከፍተው ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ። ኋላ ሸደር ካምፕ ውስጥ ከሴቶች ጋር የምትሠራበት ሥራ አገኘች። እስከ ዛሬ እዚያው ናት። አላገባችም።

እንግዲህ ከክፉው በጎ ወጣ ልል እችላለሁ። እግዚአብሔር ለመልካም አሰበው ልል እችላለሁ። ይህንን ዮሴፍ ለወንድሞቹ ይበላቸው እንጂ ወንድሞቹ ለዮሴፍ ሊሉት አይገባም። በጎውን የሠራችው እሷ ናት። እኔ የሠራሁት ካርድ ማቀበል ነው።

ሰይድ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ከተመለሰ ቆየ። ስንሰነባበት "ጽጌ፣ ያቺ ጣት" ብሎ ጀመረና ተወው። ፊርዶሳ ግን አልተለየችኝም። ከሸደር ስትመጣ እኔ ቤት ታርፋለች። የግመል ወተት ይዛልኝ ትመጣለች፤ ጾም ሲሆን ትረሳና ሁለታችንም እንስቃለን። ስለ ብጫዋ ሴት ታነሣለች። "ያቺ እህታችን" ነው የምትላት። የዚያን አገር እስር ቤት ትጠይቀኛለች፣ እጮኛዋ ምን አለ ትለኛለች፤ እኔም እፈጥርላታለሁ። በዱዓዋ እንደምታስባት ነግራኛለች። ለኔም እንደምትጸልይ ነግራኛለች፣ ከሷ ቀጥላ።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ካምፑ ውስጥ እንግሊዝኛ ስትማር መክረሟን አውቅ ነበር፤ እንዲህ መግፋቷን አላውቅም ነበር። "አባዮ፣ አሁን ይገባኛል፣ ሰዎቹ በፍጥነት ሲናገሩም ይገባኛል" አለችኝ። ዋናው ፊልም ጠፍቷል ብያት ነበር፤ አብራት የምትሠራ ሴት ከኢንተርኔት ፈልጋ አግኝታላታለች። ገና አልከፈተችውም። "ካንቺ ጋር ነው የማየው። ያስተዋወቅሽኝ አንቺ ነሽ። ዓርብ ከሶላት በኋላ ይዤው እመጣለሁ፤ እህቴን በገዛ ጆሮዬ ልስማት" አለችኝ። በድምፅዋ ውስጥ አንድ ነገር ፈለግኩ፤ ታውቃለች ይሆን ብዬ፣ ዕድል እየሰጠችኝ ይሆን ብዬ። ደስታ ብቻ ነው የሰማሁት።

ዋናው አልጠፋም ነበር። አሮጌ ፍላሽ ውስጥ ከኔ ጋር አለ። ትናንት ከፍቼ ሰማሁት። ብጫዋ ሴት ውሃው ሥር ቆማ ያን ጊዜ የሰማሁትን አለች፦ "ሳሙናውን አቀብይኝ።" ከዚያ ሳቀች፣ ዞረች። በቃ። ሌላ አንድም ቃል የላትም። ሳሙና ጠይቃ፣ ሮጣ፣ ጭቃ ላይ የምትሞት ሴት ናት። ፊርዶሳ ይህን ሁሉ ዓመት የጸለየችላት እሷ ናት።

ዓርብ ፊልሙ ሳይከፈት እነግራታለሁ። ስነግራት እኔን ብቻ አይደለም የምታጣው፤ እኔ ብጠፋ ግድ የለም፤ ያቺን እህቷንም ታጣለች። አጥሩን አልፋ የተኛችውን ሴት ዳግም የምገድላት እኔ ነኝ፤ ፊርዶሳን ዳግም ብቻዋን የማስቀራት እኔ ነኝ። ዝም ብል ደግሞ ከሳሙናው ትሰማዋለች። ከሁለቱ አንዱን የሚያቀልልኝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ፈለግኩ፤ የለም።

በሩን ከፍቼ እጠብቃታለሁ። ይቅር በይኝ ግን አልላትም። እናንተንም አልለምንም። ፊርዶሳን አውቃታለሁ፤ ብለምናት እንባዋን በዚያች ጣት ጠርጋ "አይዞሽ አባዮ፣ እንደገና እንቀዳለን" ትለኛለች። እሱን መስማት አልችልም።